ተፈታትቶ የገባ ሞት

አዛናው በባዶ እግሩ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ማለዳ ነው። ኢንስፔክተር የሻረግ ከገንዳ ውኃ ተነሥታ መተማ ዮሐንስ ስትደርስ ፀሐይዋ ከአሁኑ አናት ትበሳ ነበር፤ የቆላ ፀሐይ ለሐዘንተኛም አታዝንም። በሰሊጥ ነጋዴው በሐጂ ሙሐመድጣሂር ግቢ በር ላይ የተኮለኮለው ሰው መንገድ ለቀቀላት። «ዘበኛው ነው!» ይላል አንዱ። «ቆልፎበት ነው የገደለው!» ይላል ሌላው። የሻረግ አገር ሁሉ በአንድ አፍ ሲናገር ከሰማች መጠርጠር ልማዷ ነውና ለማንም ሳትመልስ ገባች።

ሟቹ የጉምሩክ የታሪፍ ባለሙያ ነበር። ድንበር ተሻግሮ የሚመጣውን ዕቃ ሁሉ አይቶና ዳስሶ በየምድቡ ቁጥር ይሰጣል። ቀረጡ የሚተመነው በዚያ ቁጥር ስለሆነ፣ በመተማ ነጋዴ ዘንድ የአዛናው ጣት ከዳኛ ብዕር ይበልጥ ይፈራ ነበር። ጉቦ አይበላም፤ ስለዚህም ወዳጅ አልነበረውም ማለት ይቻላል።

መጋዘኑ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። የፊቱ ክፍል የሐጂ ሰሊጥ የሚከማችበት ነው፤ የጀርባው ክፍል ቀረጡ ያላለቀ ዕቃ የሚቆይበት፣ የራሱ የብረት በር ያለው። ሁለቱን የሚለያቸው ግድግዳ ጣሪያ አይደርስም። አዛናው ጀርባው ክፍል ውስጥ፣ ከበሩ ሥር ወድቋል። የጣቶቹ አንጓ ተልጧል። ወለሉ ላይ በተነጠፈ ሸራ መካከል አንድ ሞተር ሳይክል ተገጣጥሞ ቆሟል፤ የጎደለው የፊት ጎማው ብቻ ነው። ጎማው ከሬሳው አጠገብ ነበር፤ ቸርኬው ተጣሟል። የብረቱ በር ከውስጥ በኩል ተሰርጉዷል።

«በጎማው በሩን ሲደበድብ ነው የሞተው» አለች የሻረግ፣ ለራሷ።

ቤቱ እስካሁን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። የጤና ጣቢያው ባለሙያ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ «የመጋዘን መድኃኒት ነው። ለነቀዝ የሚጨመረው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰውን ከነቀዝ አይለይም» አላት።

ከደጃፉ ላይ አንድ ጥንድ ቡናማ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

ዘበኛው ሰጠኝ እጁ ታስሮ ከግንቡ ጥግ ቁጭ ብሏል። ከጎጃም ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ ሳይመለስ ያረጀ ሰው ነው። ዘመድ የለውም፤ ዋስ የሚሆነው ሰው የለውም፤ ያለው የአንድ በር ቁልፍ ነበር፣ እሱም አሁን በፖሊስ እጅ ነው።

«አያ ሰጠኝ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለችው የሻረግ አጠገቡ ተቀምጣ።

«አዛናው ዕቃ ሲመረምር ሸራ ያነጥፋል፣ እመቤቴ። ሸራውን እንዳያቆሽሽ ጫማውን ደጅ ያወልቃል። እዚህ ግቢ ያለነ ሁሉ እናውቃለን። ጫማው ካለ አዛናው አለ፤ ጫማው ከሌለ አዛናው የለም። ትናንት አርብ ቀትር ላይ ዑበይዳ መድኃኒት ሊጨምር መጣና፣ ‹ጀርባው ሰው አለ?› አለኝ። ዞሬ አየሁ። ጫማ የለም። በሩ ለማሽኑ አቧራ ገጠም ብሎ ነበር፤ ቆለፍሁና ‹የለም› አልሁት።»

«ውስጥ አላዩም?»

«ጫማ ከሌለ ምን ላይ? ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር የምንሠራ። ዛሬ ጧት ስከፍት ግን ጫማው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሏል! ዓይኔ ነው የካደኝ ወይስ ሰይጣን?»

«ማታስ? ዞረው አላዩም?»

«መድኃኒት ከተጨመረ ወዲያ ማን ወደ ጀርባ ይዞራል?» ወደ ብረቱ በር አየ። «እሱ ይወደኝ ነበር። ለሁሉ ቁጥር ይሰጣል፤ ለፍየል፣ ለሚስማር፣ ለሰውም። እኔን ‹አንተ ዘበኛ ነህ፣ ተሸካሚ ነህ፣ ጠራጊ ነህ፤ የትኛው ምድብ ላግባህ?› ይለኛል። ‹የታሪፉ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ሌላ ቦታ ያልተጠቀሰ የሚል አለ፤ አንተ እሱ ነህ› ይለኝና እንስቃለን።»

የአዛናው ሚስት ሃይሚ ይህን ሁሉ ከግንቡ ማዶ ትሰማ ነበር። ባሏ አንዳንዴ ኬላ ላይ ስለሚያድር፣ ኔትወርክም ከተቋረጠ ሳምንት ስላለፈው፣ ሌሊቱን ሳትጠራጠር ነው ያደረችው። ተነሥታ ከሰጠኝ ፊት ቆመች። አልጮኸችም።

«አያ ሰጠኝ፣ አንድ ጊዜ ስሙን ቢጠሩት ምን ነበረበት? ‹አዛናው፣ አለህ?› ቢሉ ምን ነበረበት?»

ሰጠኝ በታሰረ እጁ ፊቱን ሸፈነ።

ያኔ የፖሊስ ሬዲዮው ተንጫረረ። የየሻረግ አለቃ ነው። «ቁልፉ በእጁ፣ ጫማው በደጁ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ? መኪናው ከምሳ በኋላ ወደ ዞን ይመለሳል። ጭነሽው ነይ።»

«እሺ» አለች። እሺ ያለችው ለመኪናው ነው። ሰጠኝ ዛሬ ከተጫነ ዶሴው ከሱ ጋር እንደሚዘጋ ታውቃለች፤ ደሀ የያዘ ዶሴ ደግሞ የሚከፍተው የለም። ያላት እስከ ምሳ ነው።

ወደ ጫማው ተመለሰች። ደጃፉን በጣቷ ጠረገች፤ ጣቷ ብጫ የሰሊጥ ገለባ ይዞ ተነሣ። ከጎን ያለውን የመቀመጫ ዱካ ነካች፤ እሱም ገለባ ለብሷል። ጫማውን በመሐረብ አንሥታ ሥሩን አየች፣ ውስጡን ዳበሰች። ከግራው ጫማ ጫፍ ውስጥ ቀይ ደረቅ ቁርጥራጭ አወጣችና በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተች።

ሐጂ ሙሐመድጣሂር ከዛፉ ጥላ ሥር መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ተቀበሏት።

«ሐጂ፣ አዛናው እዚህ ምን ይመረምር ነበር?»

«የሞተር ሳይክል ዕቃ ነው፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። የኔ አይደለም፤ እኔ ቤቱን አከራያለሁ። በሦስት መኪና፣ በሦስት ሰው ስም ነው የገባው። አንዱ ሞተሩን፣ አንዱ ጎማውን፣ አንዱ አካሉን። ሁሉም መለዋወጫ ተብሎ።»

«ታዲያ ምን ያስመረምራል?»

«መለዋወጫ ቁጥሩ ሌላ፣ ሙሉ ሞተር ሳይክል ቁጥሩ ሌላ። የሙሉው ቀረጥ ይከብዳል። አዛናው ደግሞ ሳይገጥም አይመድብም። ‹ተፈታትቶ የመጣ ዕቃ ሲገጠም አንድ ከሆነ፣ እንደ ሙሉው ይቆጠራል› ይላል፤ ሕጉም እንዲሁ ነው። ሰው ምሳ ሲበላ እሱ ብሎን ያጠብቃል።»

«ሰሊጡ ላይ መድኃኒት ሲጨመር በላስቲክ ይሸፈናል አይደል? ትናንት ላስቲክ አልነበረም፤ ለዚህ ነው መድኃኒቱ በግድግዳው አናት ወደ ጀርባ ያለፈው።»

«ሐሙስ ለጭነት አውሼው ነበር። እኔ መድኃኒቱን ለእሁድ ነው ያሰብሁት፣ ምን ግድ አለኝ?»

«ዑበይዳ ግን ‹ሐጂ አርብ ይሁን ብለዋል› ብሎ ለፖሊሶቹ ተናግሯል።»

መቁጠሪያው ቆመ። «እኔ? ወላሂ አላልሁም!»

ዑበይዳ ጢሙ ገና ያልጠና ጎረምሳ ነው፤ ከሽንፋ እስከ አብደራፊ ያለ መጋዘን ሁሉ በእጁ ያልፋል። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። «ሐጂ ብለዋል ተባልሁ። ላስቲክ የለም ብል፣ ‹ላስቲክ ከሌለ መጠኑን ጨምረህ የፊቱን በር ምረገው› አሉ ተባልሁ። ሰው የለም አለኝ አያ ሰጠኝ። መርጌ ጁምዓ ሄድሁ።»

የሰሊጥ ማበጠሪያው ማሽን ያለው እዚያው ጀርባ፣ ከብረቱ በር ትይዩ ነው። የምታስነሣው የሐጂ የወንድም ልጅ ዘሊካ ናት።

«አርብ ቀትር ማሽን አይነሣም» አለች። «ትናንት ግን ‹ሐጂ መኪና ይጠብቃል፣ ሳታቋርጪ አበጥሪ ብለዋል› ተባልሁ። እስከ አሥር ሰዓት አላቆምሁትም። ጆሮዬን በሻሽ ጠቅልዬ፣ ፊቴን ወደ ወንፊቱ አዙሬ…» ንግግሯን አቋርጣ የብረቱን በር አየች። «ይደበድብ ነበር አይደል? እዚህ ቆሜ እኮ ነው። እዚህ!»

የሻረግ ትከሻዋን ያዘቻት። «መልእክቱን ማን አመጣው?» ብላ ግን አልጠየቀቻትም፤ ዑበይዳንም አልጠየቀችውም። ለዚህ ጥያቄ ሁሉም አንድ ላይ ቆመው የሚሰጡት መልስ ይበልጣል ብላ በሆዷ ያዘችው።

የመጨረሻው ሙሉአለም ነበር። የጉምሩክ አስተላላፊ ነው፤ የነጋዴውን ዕቃ ወረቀት ያዘጋጃል፣ ቀረጡን ይጨርሳል። ፒካፑን ግቢው ውስጥ አቁሞ፣ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ያለቅሳል። ከአዛናው ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተማሩ ናቸው።

«ወንድሜን ነው ያጣሁ» አለ። «ዕቃው የኔ ደምበኞች ነው። የሦስት ሰው መለዋወጫ። ያን ዕቃ ባላመጣው ኖሮ ይሄኔ…»

«በዕቃው ላይ ተጣልታችሁ ነበር?»

«ከአዛናው ጋር? ኧረ እሱ ከማንም አይጣላ!»

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ጧት እዚሁ። ቀትር ላይ ለምሳ ስወጣ ጫማውን ደጃፉ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ዘበኛው እንዴት ሳያየው እንደቀረ አይገባኝም። ዕድሜ ነው እንግዲህ። አደራ፣ አይጨክኑበት።»

«ማሽኑ ተነሥቶ ነበር?»

«ከተነሣ ቆይቷል። አቧራው ዓይን አያስገልጥም።»

«ጫማውን ከዚያ በኋላ የነካው ይኖር ይሆን?»

«ማን ይነካዋል? እንደተቀመጠ ነው ያደረው።»

ሊሰናበታት ሲነሣ የፒካፑን በር ከፈተና ከወንበሩ ጀርባ ካለ የተቀደደ ጆንያ አንድ እፍኝ የከርከዴ ቀይ ደረቅ አበባ ዘገነላት። «ከማዶ የመጣች ናት። ፈልታ ስትቀዘቅዝ ለዚህ ሙቀት መድኃኒት ናት።» የሻረግ አመስግና በመሐረቧ ተቀበለችው። ሐዘንተኛ ስጦታ ሲሰጥ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ከምሳ በኋላ የፖሊስ መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። የሻረግ ሁሉንም ከጀርባው ክፍል ደጃፍ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ወጥቷል፤ ሞተር ሳይክሉ ግን የፊት ጎማው እንደጎደለ ቆሟል። ሰጠኝ በሁለት ፖሊስ መካከል ነው። ሃይሚ ማንም ወንበር ቢያቀርብላት አልቀመጥም አለች።

«ይህን ምን ትሉታላችሁ?» አለች የሻረግ ሞተር ሳይክሉን እያሳየች።

«ሞተር ሳይክል» አለ ዑበይዳ ግራ ገብቶት።

«ድንበሩን ሲሻገር ግን ሞተር ሳይክል አልነበረም። የአንዱ ጎማ፣ የአንዱ ሞተር፣ የአንዱ አካል ነበር። ለየብቻው ሲያዩት ምንም የማያስከፋ ዕቃ። አዛናውን የገደለውም እንዲሁ ነው የገባው፤ ተፈታትቶ። ሐጂ ላስቲክ አዋሱ። ዑበይዳ መድኃኒት ጨመረ። ዘሊካ ማሽን አስነሣች። አያ ሰጠኝ ቆለፉ። ለየብቻ ሲታይ ሁሉም የየዕለት ሥራ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ለመልካም ይመስለን ነበር።»

«እኔ የምልሽን…» አሉ ሐጂ።

«ይቆዩ ሐጂ። ‹ሐጂ ብለዋል› የሚለውን ቃል ከሐጂ አፍ የሰማ አለ?»

«ከሐጂ አፍስ አልሰማሁም» አለች ዘሊካ።

«ስልክ ከሞተ ሳምንት አልፎታል፤ መልእክት የሚሄደው በሰው አፍ ነው። ዑበይዳ፣ ላንተ ማን አመጣልህ?»

ዑበይዳ ዘሊካን አየ፤ ዘሊካም እሱን አየችው። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ፣ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ወደ ሙሉአለም ዞሩ።

«ላስቲኩንም የተዋሰኝ እሱ ነው» አሉ ሐጂ ዝግ ባለ ድምፅ። «ትናንት ማታ ራሱ አምጥቶ ጀርባ አስቀመጠልኝ።»

ሙሉአለም ሳቅ ለማለት ሞከረ። «መልእክት ማድረስ ወንጀል ሆነ? ተሳስቼ ሰምቼ ይሆናል። እኔ መድኃኒት አልነካሁም። በር አልቆለፍሁም። በሩን የቆለፈው እሱ ነው፣ ጫማው እያለ!»

«እሱን ነው የምፈልገው፣ ጫማውን» አለች የሻረግ። እስከ አሁን «እርስዎ» ትለው የነበረውን ተወችው። «ማሽኑ ሲነሣ ጫማው ደጃፉ ላይ ነበር፣ እስከ ጧትም ማንም አልነካውም ብለሃል። ማሽኑ እስከ አሥር ሰዓት ገለባ ሲተፋ ዋለ። ደጃፉ ገለባ ለብሷል፤ ዱካው ለብሷል፤ የጫማው ውስጥ ግን ገለባ የለበትም። ገለባው ያለው ከጫማው ሥር ነው። ጫማ ገለባውን ከላይ ትቶ ከሥሩ የሚሰበስብ ከሆነ ንገረኝ። ገለባው ከወረደ በኋላ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ አያ ሰጠኝ ሲያዩ፣ እንዳሉት፣ ጫማ አልነበረም።»

ሰጠኝ አንገቱን ቀና አደረገ።

«በዚህ ግቢ ጫማ ከሌለ ሰው የለም። ይህን የማያውቅ ሰው ጫማውን አያነሣም ነበር። ከቆለፉ በኋላ ደግሞ መልሶ ማስቀመጥ ያስፈልግ ነበር፤ አለበለዚያ ‹ጫማው የት ሄደ?› ይባላል። ሲመለስ ግን ጥፋቱ ሁሉ የአንድ ዘበኛ ይሆናል። ማታ ወደ ጀርባ ማን ዞረ? ሁሉም መድኃኒቱን ፈርቶ ሲርቅ፣ ላስቲክ የመለሰው ሰው ብቻ ነው።»

ከኪሷ ሁለት ጥቅል አውጥታ መዳፏ ላይ ፈታቻቸው። አንደኛው ቀይዋ ቁራጭ ናት። ሁለተኛው የከርከዴው እፍኝ ነው።

«ይቺን ከአዛናው ጫማ ውስጥ አገኘሁ። ይህንን ደግሞ አንተ ከመኪናህ፣ ከተቀደደው ጆንያ ዘግነህ ሰጠኸኝ። ጫማው ትናንት የዋለው እዚያ ነው፤ ከወንበርህ ጀርባ። እነዚህ አራቱ ያላወቁትን አንተ ብቻ ታውቅ ነበር፤ ውስጥ ሰው እንዳለ። አንተ የገጠምኸው አንድ ጥንድ ጫማ በማንሣት ነው።»

ሙሉአለም ከርከዴውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ዱካው ላይ ተቀመጠ።

«ረቡዕ ነው የነገረኝ» አለ። «‹እኔና አንተ ወንድማማች ነን። ሦስቱም ስም ያንተ እንደሆነ ገብቶኛል። ሰኞ እንደ ሙሉ ዕቃ እመድበዋለሁ። እስከዚያ ራስህ ሄደህ አሳውቅ፣ ፈቃድህም ይተርፍልሃል› አለኝ። ሰኞ ድረስ ለማንም አልናገርም አለኝ።»

«ጊዜ ሰጠህ» አለች የሻረግ።

«አዎ።»

«አንተም ተጠቀምህበት።»

ሃይሚ እስከዚያ ድረስ እንባ አልወጣትም ነበር። «ሐሙስ ማታ ቤታችን እራት በልተሃል» አለችው። «‹ባለሙያ ነሽ› ብለህ ወጡን አመስግነህልኛል።» ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ መንሰቅሰቅ ጀመረች።

ሙሉአለምን ለሰጠኝ በቆመው መኪና ጫኑት። የሰጠኝ እጅ ተፈታ። ዑበይዳ እጁን በውኃ እየደጋገመ ይታጠባል፤ ዘሊካ ማሽኗን ቀና ብላ አላየችውም። ሐጂ መቁጠሪያቸውን እንደጨበጡ ወደ ቤታቸው አዘገሙ። እውነት ወጣ ተብሎ ደስ ያለው አንድም ሰው በግቢው አልነበረም።

«አያ ሰጠኝ፣ ነፃ ነዎት» አለችው የሻረግ ቁልፉን እየመለሰችለት።

ሽማግሌው የቁልፉን ገመድ ክንዱ ላይ ጠቀለለው፣ መልሶም ፈታው። «ተፈታትቶ የመጣው እንደ ሙሉው ይቆጠራል ይል ነበር አይደል አዛናው፣ እመቤቴ?»

«አዎ።»

«የቆለፍሁት እኔ ነኝ። የኔዋስ ቁራጭ ምን ቁጥር ትገባለች?»

የሻረግ በሕጉ እንደማይጠየቅ ልትነግረው ትችል ነበር፤ እሱ የጠየቃት ግን ሕጉን እንዳልሆነ ገባት። ዓይኗን ሰብራ ወደ መኪናው ሄደች።

መኪናው ሲነቃነቅ በመስተዋቱ አየችው። ሰጠኝ የጀርባውን ክፍል ሊቆልፍ የብረቱን በር ይዟል። ደጃፉ ባዶ ነው፤ ጫማ የለም። በሩን ሊገፋ ብሎ ቆመ። አንገቱን ወደ ባዶው ክፍል አስገባ።

«አዛናው፣ አለህ?» ብሎ ተጣራ።

መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ቆለፈ።